የአባባ ሬዲዮና ልጄ የጠየቀኝ ሳጥን

ዛሬ ስለ ሽቦ ላወራችሁ ነው። «አማርኛ አስተማሪዋን ደግሞ ከሽቦ ምን አገናኛት» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ከሽቦ ተነሥቶ አባቴ ዓይን ላይ ስለ ደረሰ ነው።

ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ትልቁ ልጄ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ፊዚክስ ያጠናል። እንደ ልማዱ የሚታጠብ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ ገባ። ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪ» አለኝ። ይህን የሰማች እናት ልቧ የት የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። የጠየቀኝ ግን ሳጥን ነው። የጸሎት መጽሐፍ የምታክል፣ ሬዲዮን ከላፕቶፕ ጋር የምታገናኝ የድምፅ ሳጥን። ዋጋዋ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ያውም ውጭ አገር ያለችው እህቴ ገዝታ፣ የሚመጣ ሰው ካገኘች፣ ጉምሩክም ካለፈች።

በዛሬው ምንዛሪ 100 ዶላር ከአሥር ሺህ ብር በላይ ነው። የአስተማሪ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ምን ሊሠራበት ነው? አማተር ሬዲዮ የሚባል ነገር አለ። ሰዎች ለትርፍ ሳይሆን ለዕውቀቱና ለፍቅሩ ብለው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በአጭር ሞገድ ከዓለም ዳር እስከ ዳር የሚገናኙበት ነው። በእኛም አገር አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ የጥሪ ስሙ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ይባላል። «ኢ ቲ» ኢትዮጵያ ማለት ነው፤ በአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች ላይ ተጽፋ የምታዩዋት ያቺው ናት። ልጄ ዓምና አጎቱ ዘንድ ሲሄድ ስለዚህ ጣቢያ ሰምቶ መጣና ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

ዛሬ ታዲያ ብዙዎቹ አማተሮች በአፋቸው አይነጋገሩም። ኮምፒውተር ነው የሚናገርላቸው። መልእክቱን ወደ ፉጨት ይለውጠዋል፣ ሬዲዮው ፉጨቱን ይልከዋል፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለ ሬዲዮ ይቀበለዋል፣ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ፉጨቱን መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል። ከነዚህ ዘዴዎች በጣም የተለመደው «ኤፍ ቲ 8» የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ስቲቭ ፍራንኬና ጆ ቴይለር። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተጋራ የጠፈር ተመራማሪ ነው። ከከዋክብት የሚመጣን ደካማ ድምፅ ለቅሞ ማውጣት የለመደ ሰው፣ የአማተሮችን ደካማ ድምፅ መልቀም ያዘ። «ኤፍ» እና «ቲ» የሁለቱ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው፤ 8 ደግሞ የፉጨቱ ቃናዎች ቁጥር ነው። አንዱ መልእክት 13 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በየ15 ሰከንዱ ተራ እየተቀያየሩ ይላካሉ። የሰው ጆሮ ከጩኸቱ መካከል ምንም ሳይለይ ኮምፒውተሩ ለይቶ ይጽፈዋል።

ይህን ሁሉ ልጄ በአንድ ትንፋሽ ሲያስረዳኝ፣ አባባ ጥግ ላይ ከትልቁ ሬዲዮአቸው አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። አባቴ ናቸው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሬዲዮ ለእሳቸው ዕቃ አይደለም። በወጣትነታቸው ብሥራተ ወንጌልን ነበር የሚሰሙት፤ ያ ጣቢያ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1969 ዓ.ም. ደርግ እስኪወርሰው ድረስ። ከዚያ የጀርመን ድምፅ፣ ከዚያ የአሜሪካ ድምፅ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ደግሞ ሬዲዮው ብቻ ነው የቀራቸው። የሰው መልክ አይለዩም፤ የጋዜጠኛ ድምፅ ግን ከነስሙ ይለያሉ።

«መቶ ዶላር የኛ ብር ስንት ይሆናል?» አሉ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ የእንጨት ነጋዴ በራፌ ላይ አገኘሁ። ሰውየው የመጣው በቆጋ በኩል ካለው መሬታቸው ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ሊዋዋል ነው። የሜጫ ሰው ባሕር ዛፍ ባንኩ እንደሆነ ለናንተ መንገር አያሻም፤ ይተክላል፣ ይጠብቃል፣ ሲቸግረው ይቆርጣል። የአባባ ባሕር ዛፍ ግን ለሁለት ዓመት የተጠበቀው ለዓይን ቀዶ ሕክምናቸው ነው። ሐኪሙ ሞራው ሊነሣ እንደሚችል ነግሮናል፤ የቀረው ገንዘብና የእሳቸው ፈቃድ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ ይህ እኮ የዓይንዎ ገንዘብ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። እሱ ይስማበት» አሉኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ልጄ እንደማያውቅ ገብቶኛል፤ ቢያውቅ ሳጥኑን ባላነሣ ነበር። ግን ብከለክለው አባባ ይቀየማሉ፤ «ለልጅ ልጄ የሰጠሁትን አንቺ ማን ነሽና» ነው የሚሉኝ። ዝም ብል ደግሞ ዓይናቸው ይቀራል። በነጋታው ቅዳሜ ስለነበር ሚኒባስ ተሳፈርኩና ባሕር ዳር ሄድኩ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን የድሮ ተማሪዬ እዚያ አለ። በሰዋስው ደካማ ነበር፤ እጁ ግን ያኔም ወርቅ ነበር።

ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ልጁ የሚፈልገው መስማት ነው ወይስ መናገር?»

እናንተም ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ይህን ዓይነት ነገር ከጠየቃችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት። ያቺ ውድ ሳጥን የምትሠራው ሦስት ሥራ ነው። በውስጧ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የተለየ የራሷ የድምፅ ካርድ አለ። ከሬዲዮ ወደ ኮምፒውተር ድምፁ እንጂ ኤሌክትሪኩ እንዳይሻገር የሚለያይ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ። ሦስተኛው ሬዲዮውን ከመቀበል ወደ መላክ የሚያዞር ማብሪያ ነው። ይህ ሦስተኛው ለሚናገር ሰው ነው፤ የሚናገር ሰው ደግሞ መላኪያ ሬዲዮና ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያለ ፈቃድ መላክ በሕግ ያስጠይቃል። ልጄ መላኪያም ፈቃድም የለውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ተማሪዬ ሌላም ነገር ነገረኝ። ሳጥኗን ከሬዲዮው ጋር የሚያገናኛት ገመድ እንደየሬዲዮው ዓይነት ይለያያል። ሬዲዮው ሳይኖር ሳጥኗን የገዛ ሰው፣ ሬዲዮው ሲመጣ ሌላ ገመድ መግዛቱ አይቀርም። ከዚያም አልፎ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደወጣው አይኮም 7300 ያሉ አዳዲሶቹ መላኪያዎች የድምፅ ካርዱን በሆዳቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ ከላፕቶፑ ጋር አንድ የዩኤስቢ ገመድ ይበቃቸዋል። ነገ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ቢያገኝ የዛሬዋ ሳጥን መደርደሪያ ላይ አቧራ ትጠጣለች። ሳጥኗ መጥፎ ሆና አይደለም፤ የድሮ መላኪያ ላለው ሰው ከሷ የተሻለ የለም። የኛ ቤት ሰው ግን አልነበረችም።

ለመስማት ምን ያስፈልጋል? 600 ብር የከፈልኩባት፣ አውራ ጣት የምታክል የዩኤስቢ ድምፅ ማስገቢያ። ሁለት ቀዳዳ አላት፣ አንዱ የጆሮ ማዳመጫ፣ አንዱ የማይክሮፎን። «ላፕቶፑ ላይ ያለው ቀዳዳ አይበቃም ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ ማዳመጫውም ማይኩም በሷው ነው። ተራ ገመድ ሲሰኩባት ማዳመጫ የገባ ይመስላታል እንጂ ድምፅ አታስገባም።

እየተደሰትኩ ተመለስኩ። ልጄም ያችን ትንሽ ነገር አይቶ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ግን ዝም ብሎ ሥራውን ጀመረ።

መጀመሪያ ገመዱን የአባባ ትልቁ ሬዲዮ ላይ ሰካው። የማዳመጫው ቀዳዳ ላይ ገመድ ሲገባ ድምፅ ማጉያው ይዘጋል። ያውም የማታው ዜና ሰዓት ላይ! አባባ «ምነው፣ ሰውየው ሞተ?» አሉ። ገመዱ ተነቅሎ ዜናው እስኪያልቅ ተጠበቀ። ከዚያ እንደገና ተሞከረ፤ ኮምፒውተሩ ላይ አንዲት ፊደል አልወጣችም። ሁለት ቀን ሙሉ። ማስገቢያዋን ጠረጠርን፣ ገመዱን ጠረጠርን፣ እኔ በልቤ ተማሪዬን ጠረጠርኩ።

ጥፋቱ የሬዲዮው ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋት ከተባለ። የአማተሮች ሞገድ የሚሰማው «ኤስ ኤስ ቢ» የሚባል መቀበያ ባለው ሬዲዮ ብቻ ነው። የዜና ጣቢያ ከድምፁ ጋር ተሸካሚ ሞገዱን አብሮ ይልካል። አማተሮቹ ኃይል ለመቆጠብ ተሸካሚውን ያስቀሩታል፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሬዲዮ ራሱ መተካት አለበት። የአባባ ሬዲዮ ይህን አያውቅም። የቱንም ያህል ውድ ሳጥን ብንገዛለት አይሰማም ነበር። ያን ማታ ስለዚያ ባሕር ዛፍ ሳስብ ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ።

የዳንነው በእህቴ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለአባባ ቴክሰን የምትባል ትንሽ የቻይና ሬዲዮ ልካላቸው ነበር። እሳቸው «ይቺ ደግሞ የልጅ መጫወቻ ናት» ብለው ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቧት። ልጄ አውጥቶ ሲያያት ጎኗ ላይ ማንም ነክቶት የማያውቅ ማብሪያ አለ፤ «ኤስ ኤስ ቢ» ይላል። እናንተም ቤት ከውጭ የተላከ ሬዲዮ ካለ ሳትገዙ በፊት ጎኑን እዩ።

ከዚያ ሽቦው መጣ። ከመስኮት ውጭ የሚዘረጋ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ለ14 ሜጋኸርትዙ ሞገድ 10 ሜትር ያህል። ምሰሶ አላጣንም፤ ባሕር ዛፍ ነው። ለእኔ ግን የከበደኝ ይሄኛው ነበር። በዚህ ዘመን ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲዘረጋ አይቶ ዝም የሚል ጎረቤት የለም። ወሬ ከሽቦ ይረዝማል። ልጄ «ምን አጠፋሁ?» ይላል፤ አላጠፋም፣ ግን እናት ነኝ። ሽቦው ሳይወጣ ቀበሌ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ትንሿን ሬዲዮም ይዤ ነበር የሄድኩት። የተቀበሉኝ ሰው አገላብጠው አዩአት። «ይናገራል ወይስ ይሰማል?» አሉ። ተማሪዬ የጠየቀኝን ቃል በቃል! «ይሰማል ብቻ» አልኩ። «እንግዲያውስ ሬዲዮ ነው» ብለው ሰጡኝ። ለግራና ለቀኝ ጎረቤቶቼም ቡና ጠርቼ አሳየኋቸው። ልጄ ይህን ሁሉ እንደ ከንቱ ልፋት ቆጥሮታል፤ ይቁጠረው።

ሽቦው ወጣ፣ ሬዲዮዋ 14.074 ላይ ተደረገች፣ ፉጨቱም ተሰማ። ብዙ ዋሽንት በአንድ ጊዜ የሚነፋ ይመስላል፤ ትንሽ ይቆምና እንደገና ይጀምራል። አባባ ጆሯቸውን አስጠጉ። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም ባዶ ነው፤ ከፉጨቱ ሥር «እምምም» የሚል ድምፅ አለ። ይህ የቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ሲነቀል ጠፋ። ልጄ በማግስቱ ባሕር ዳር ሲሄድ ተማሪዬ ከወዳደቀ የስልክ ሞደም ውስጥ ጥፍር የምታህል ትራንስፎርመር ነቅሎ ገመዱ መሃል በየደለት። ያቺ ውድ ሳጥን ውስጥ ካሉት ሦስት ነገሮች ሁለተኛዋ መሆኗ ነው። ገንዘብ አልተቀበለም፤ «ሰዋስው ያስተማሩኝ ይብቃኝ» አለው አሉ።

የድምፁም መጠን ጣጣ አለው። የማይክ ቀዳዳ የለመደችው የሰውን ሹክሹክታ ነው፤ ከሬዲዮ ማዳመጫ የሚወጣው ለሷ ጩኸት ነው። ሬዲዮውን በጣም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ደብሊው ኤስ ጄ ቲ ኤክስ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጎን ላይ አረንጓዴ መለኪያ አለ፤ ማንም በማይልክበት ጊዜ 30 አካባቢ ሲቆም ደኅና ነው። ዊንዶውስ ድምፅን «ላሳምር» ብሎ የሚጨማምረውንም ሁሉ ማጥፋት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ባዶ! ልጄ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የመጨረሻው ችግር ምን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ሰዓት። መልእክቶቹ በየ15 ሰከንዱ የሚጀምሩ ስለሆነ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከአንድ ሰከንድ ብዙም መዛነፍ የለበትም። የልጄ ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ከራቀ ስለቆየ ስድስት ሰከንድ ዘግይቷል። ሰርግ የሁለት ሰዓቱ በስድስት ሰዓት የሚጀመርበት አገር ሰው ስድስት ሰከንድን እንዴት ይጠርጥር? ከስልክ ጋር ተያይቶ ተስተካከለ።

ያኔ ጽሑፉ መውረድ ጀመረ። ልጄ እየጮኸ ያነባል፤ «አይ» ጣሊያን፣ «ቪ ዩ» ሕንድ፣ «ጄ ኤ» ጃፓን። ከስሙ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ሁለት ፊደልና ሁለት ቁጥር አለ፤ ሰውየው ያለበት የምድር አራት ማዕዘን ነው። የአዲስ አበባ «ኬ ጄ 99» ነው። የኛ፣ ባሕር ዳርንም መራዊንም ጨምሮ፣ «ኬ ኬ 81»። አባባ ይህችን ወደዷት። «እኛም ቁጥር አለን ማለት ነው?» አሉ፤ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ኬ ኬ ሰማንያ አንድ እንኳን ደኅና መጣህ» ይላሉ።

ልጄ ደግሞ ለትምህርቱ ጠቀመኝ ባይ ነው። ይህ ሞገድ ከላያችን ካለው የከባቢ አየር ንብርብር ላይ እየነጠረ ነው የሚመጣው፤ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በአገራችን ላይ ስለሚያልፍ ደግሞ ያ ንብርብር እዚህ ጠባዩ የተለየ ነው። ዩኒቨርሲቲያቸው ይህንኑ የሚያጠና ቤተ ሙከራ አለው፤ በቅኔው በታወቀው በዋሸራ ስም ነው የተሰየመው። የቅኔ አገር ስም ለራዳር መዋሉ እኔን የአማርኛ አስተማሪዋን ደስ ብሎኛል።

አንድ ማሳሰቢያ፤ ደመና ሲጠቁር ሽቦው ከሬዲዮው ይነቀል። የጣና ዳር የክረምት መብረቅ ቀልድ አያውቅም። ለዚህ ኃላፊነቱን የሰጠሁት ለአባባ ነው፤ ነጎድጓድን ከሁላችን ቀድመው ይሰማሉ።

ባሕር ዛፉ ጥር ላይ ተቆረጠ፤ ነጋዴው ያው ሰውዬ ነው። የቀኝ ዓይናቸው በዚያው ወር ተሠራ፤ የግራው ከፋሲካ በኋላ ነው። ማሰሪያው በተፈታ ማግስት ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የልጅ ልጃቸውን ነው፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን። «ጃፓኑ የትኛው ነው?» አሉ። ልጄ ጣቱን ሰደደ። ጠጋ ብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይቺን ታህል ነው እንዴ?» አሉ።

አንድ ልማድ ደግሞ ቤታችን ገብቷል። ሰፈሩ ሲበራ አምፖሉም ቻርጀሩም መስመሩም በሬዲዮው ላይ ይጮሃሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ሞገዱ ጸጥ ይላል፤ ላፕቶፑ በባትሪው፣ ሬዲዮዋ በድንጋይዋ ትሠራለች፣ ያን ጊዜ ነው የሩቁ ሁሉ የሚገባው። ያለፈው ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጠፋ። ሻማ አብርተን፣ ሦስታችን በጽሑፉ ዙሪያ እንደተቀመጥን፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ እልል ሲል «ውይ!» ያለው የኛ ቤት ብቻ ነው።